የዶክትሬት ማመልከቻዬና የመሪጌታ ግዝት

እኔ «አላውቅም» የሚለው ቃል ከአፌ የማይወጣ ሰው ነኝ። መንገድ የሚጠይቀኝን ሰው ቦታውን ባላውቀው እንኳ ዝም ብዬ አልሸኘውም፤ በልበ ሙሉነት በአንዱ አቅጣጫ እመራዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እስከ ዛሬ የዘመዱን ቤት እየፈለገ የሚዞር እንግዳ ካለ የእኔ እጅ ሊኖርበት ይችላል። ኮሌጅ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪ ጠይቆኝ ያልመለስኩት ጥያቄ የለም። መልሱ ሁሉ ትክክል ነበር ግን አላልኩም።

ስለዚህ የዶክትሬቱ ማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የተለጠፈ ዕለት፣ ከፊቱ ቆመው ራሳቸውን ከሚያኩት መምህራን መሃል «ይቺ የእኔ ናት!» ብዬ ያወጅኩት እኔ ነኝ። አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ በኤፒጄኔቲክስ ዶክትሬቱን የሚሠራ ተመራማሪ ይፈልጋል። ወጪው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። ቦታዋ አንዲት ናት። ርእሱ ደግሞ በእኔ ቁመት ተለክቶ የተሰፋ ነበር፤ እናት ነፍሰ ጡር ሳለች የደረሰባት ረሃብ በልጇ፣ አልፎም በልጅ ልጇ ሰውነት ላይ ምን ምልክት ይተዋል የሚል ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ከእናት ከአባታችን የወረስነው ጂን ራሱ ሳይለወጥ፣ የትኛው ይሥራ፣ የትኛው ይተኛ የሚለው ነገር በኑሮ ሊለወጥ ይችላል። ይህን የሚያጠናው ትምህርት ነው ኤፒጄኔቲክስ የሚባለው። አሁን በሦስት መስመር ጻፍኩት እንጂ ያኔ ለጎረቤቴ ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል። እሷም አንድ ሰዓት ሙሉ ራሷን እየነቀነቀች ከሰማችኝ በኋላ «ታዲያ ጉልበቴን ምን ላድርገው ዶክተር?» አለችኝ። ማመልከቻውን ሳልጀምረው ሰፈሩ «ዶክተር» ማለት ጀምሮ ነበር፤ እኔም ሰው ማረም አልወድም። «ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊው» አልኳት። በሳምንቱ ተሽሎኛል ብላ ስትመጣ በራሴ ላይ የነበረኝ እምነት ከፍ አለ።

ርእሱ በቁመቴ ተለክቷል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ በሕይወቴ ተርቤ አላውቅም። ሆኖም ኪሴ ውስጥ ቆሎ ከሌለ ከቤት መውጣት አልችልም፤ የቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ ከፈተና ወረቀት ይልቅ ሽምብራ ይበዛል። እናቴም፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንዲሁ ነበረች። መንታ እህቷ አክስቴ ይታይሽ ደግሞ በመቀነቷ ጫፍ አንድ ጭብጥ ሽምብራ ሳትቋጥር ቤተ ክርስቲያን እንኳ አትሄድም። ሁለቱ በእናታቸው ማኅፀን የነበሩት በረዶ ያገሩን እህል ከማሳ ጠራርጎ በወሰደበት ዓመት ነው። አያቴ ያን ዓመት የሰነበተችው በጎመን ነው ይባላል።

ማስታወቂያው አራት ነገር ይጠይቃል። የትምህርት ማስረጃው፣ የምርምር ሐሳቡና የእንግሊዝኛው ነገር ቀላል ነው። መምህራኑን ራሳቸውን ያሳከካቸው አራተኛው ነበር፦ የሚጠኑት ሰዎች ፈቃደኛ መሆናቸውን የሚያሳይ በእነሱ የተፈረመ ወረቀት። እኔ ሳቅሁ። ከቁይ ከተማ አለፍ ብሎ ባለው በእናቴ አገር ግማሹ ሰው ዘመዴ ነው፤ የቀረው ደግሞ ለዘመዴ ሚዜ የሆነ ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው ሰኞ በአሥራ አንድ ሰዓት ነበር። እኔ ዓርብ ተነሣሁ።

ወደ እናቱ አገር የሚሄድ ሰው ስኳርና ሳሙና ይይዛል። እኔም ይዣለሁ። ከዚያ በላይ ግን ጥቁር ጠንካራ ልባስ ያለው ትልቅ መዝገብና አንድ ቆርቆሮ የማኅተም ቀለም ይዤ ነበር። መዝገቡ ለጥናቱ፣ ቀለሙ መጻፍ ለማይችሉት አሻራ መሆኑ ነው። ጎጃም ተወልጄ፣ ጎጃም አድጌ፣ ጥቁር መዝገብና ቀለም ይዞ ከተፍ የሚል ዘመድ ምን እንደሚመስል አለማሰቤ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አክስቴ «እሰይ የእኔ ጌታ! እሰይ የመንታዬ ልጅ!» እያለች ስድስት ጊዜ ሳመችኝ። ከምግብ በኋላ ባቄላ እየፈለፈለች ተቀመጠች፤ እኔ መዝገቤን ከፈትሁ።

«እታለም፣ የእናትሽ እናት ማን ትባል ነበር?»

«ብርቄ ናታ! ስም የነበራት ሴት!»

«ስንት ወለደች?»

«ዘጠኝ። አምስቱ አደጉላት።»

«እናትሽ እናንተን ስታረግዝ የት ነበረች?»

«እዚሁ ነዋ! ወዴት ትሄዳለች?»

«ያኔ የሚያርሱት የትኛውን መሬት ነበር? ስንት ጥማድ ይሆናል?»

ቤቴን ያፈረሰችው ይቺ የመጨረሻይቱ ጥያቄ ናት። እኔ ማወቅ የፈለግኩት በበረዶው ዓመት ምን ያህል እህል እንደ ጠፋ ነበር። የአክስቴ እጅ ግን ባቄላው ላይ ቀጥ አለ።

«ለምን ፈለግኸው?»

«ለጥናት ነው እታለም።»

«ለጥናት» አለች፣ የመረረ ነገር አፏ ውስጥ የገባ ይመስል። ከዚያ በኋላ ባቄላዋን ሰብስባ ገባች።

በእኛ አገር የሙታንን ስም እየጠሩ ወደ ላይ መቁጠር ቀልድ አይደለም። ድሮ ርስት የሚገኘው አያት ተቆጥሮ ነበር። እኔ የእገሊት የልጅ ልጅ ነኝ ብሎ ያስመሰከረ ሰው መሬት ተካፋይ ነው፤ በዚህ የተነሣ ስንቱ ወንድማማች ዳኛ ፊት እንደ ቆመ አርጅቷል። ያ ሥርዐት ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። መሬቱም ተደልድሎ በየሰዉ ስም ደብተር ወጥቶለታል። ፍርሃቱ ግን አልቀረም፤ የርስት ክርክር በዓይኑ ያላየው ጎረምሳ ሁሉ አያቱን ስትጠይቀው ይደነግጣል። ይህ ራሱ አንድ ዶክትሬት ይወጣው ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

ጭራሽ በማግስቱ ቅዳሜ ማለዳ የባሰውን ሠራሁ። የማመልከቻው ቅጽ ጥናቱ የሚካሄድበትን ቦታ በካርታ ልክ ሙላ ይላል፤ ያንን ደግሞ ስልኬ ይነግረኛል። ስለዚህ ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ በአክስቴ ማሳ ድንበር ላይ ሄድሁ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ተመለስሁ፤ ሲገኝ ቆምሁ፤ ቁጥሩን ጥቁሩ መዝገብ ላይ ለመጻፍ ጎንበስ አልሁ። በየጥጉ እንዲሁ አደረግሁ። አጠገቡ የሚያርሰው ሰውዬ በሬዎቹን እንደ ተጠመዱ ትቶ ወደ መንደር ሲሮጥ አይቻለሁ። ሆዱን ታሞ መስሎኝ ለብ ያለ ውሃ ልመክረው አስቤ ነበር።

እኩለ ቀን ሳይሞላ አገሩ ለሁለት ተከፈለ። መሬት ያልደረሳቸው በአንድ ወገን ሆኑ። ከእነሱ መሃል በዕድሜዬ አይቼው የማላውቅ ሰው አቅፎ ሳመኝና፣ የአያቴ የአጎት ልጅ የልጅ ልጅ መሆኑን ነግሮኝ፣ በጆሮዬ «ክሱን መቼ ነው የምንከፍት?» አለኝ። ተከትለውት ሦስት ሌሎች መጡ። ለአንድ ቀን ያህል በጎጃም ምድር እንደ እኔ ዘመድ የበዛለት ሰው አልነበረም። መሬት ያላቸው ደግሞ በሌላው ወገን ሆኑና ከእኔ ጋር ያላቸውን ዝምድና ይፍቁ ጀመር። መጀመሪያ የፋቀችው አክስቴ ናት።

«እናትህ ደግ ሴት ነበረች» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ። «ዘመዴ መሆኗ ግን ያን ያህል ተጣርቶ አያውቅም።»

«እታለም! መንታሽ እኮ ናት!»

«ይባላል» አለች።

አሁን እስቃለሁ እንጂ ያን ጊዜ አልሳቅሁም። ማርቆስ ስማር ከዚያ ድረስ ስንቄን አዝላ በእግሯ የምትመጣው ይቺው ሴት ነበረች። ሌላው ሰው ሁሉ ቢክደኝ ግድ አልነበረኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ተጠራሁ። ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ባለው በሰንበቴው ቤት ግድግዳ ዙሪያ ተቀምጠዋል። መሃል ላይ ያሉት አያ ሙሉነህ ናቸው። በዚያ አገር ልጅ የሚድር ሰው ሙሽሮቹ ዘመድ አለመሆናቸውን ለማጣራት እሳቸው ዘንድ ሳይሄድ አይድርም፤ ሰባት ቤት ወደ ላይ ቆጥረው ሲጨርሱ ውሃ እንኳ አይጠጡም። አክስቴ ከሴቶቹ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ወደ እኔ አላየችም።

«ልጄ» አሉ አያ ሙሉነህ፣ «የሞተ አያት የሚፈልግ ሰው ከሁለት አንዱን ነው የሚፈልግ። ወይ ሚስት፣ ወይ መሬት። ሚስት እንዳንል አግብተሃል። እስቲ ሦስተኛውን አንተ ንገረን።»

ተነሣሁ። እንደ እኔ ያለ ሰው እንዲህ ያለ አጋጣሚ አያልፈውም። ስለ ሴል፣ ስለ ዲኤንኤ፣ በዲኤንኤ ላይ ስለሚለጠፉት ደቃቅ ነገሮች ማርቆስ እንደማስተምረው አድርጌ አስተማርኩ። ከተማሪዎቼ የሚለዩት ሳይተኙ በመስማታቸው ብቻ ነው። «ባጭሩ» ብዬ ደመደምኩ፣ «አያቶቻችን የተራቡት ረሃብ በእኛ ላይ ምልክቱ እንዳለ ለማወቅ ነው እርስዎ።»

«እና ይኸንን ለማወቅ ባሕር መሻገር ምን ያደርጋል?» አሉ አያ ሙሉነህ። «እኛን መጠየቅ ነዋ!»

ሰንበቴው በሳቅ ፈረሰ። እኔ የመጣሁት እኮ ልጠይቃችሁ ነው ብል ማን ይሰማኛል? ያን ጊዜ በር አጠገብ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው የነበሩት መሪጌታ ለይኩን እጃቸውን አነሡ። መሪጌታ ዲማ ተምረው የመጡ የአገሩ ዜማ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ የተኙ የሚመስለው ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል።

«ቆዩ፤ ገብቶኛል» አሉ። «ድጓውን አይታችሁታል። ፊደሉ ያው ነው፤ ከአባቶቻችን እንደ መጣ ነው፤ ማንም አይነካውም። ከፊደሉ በላይ ግን ደቃቅ ምልክት አለ። ድምፁን የሚያነሣው፣ የሚጥለው፣ የሚያስረዝመው ያ ምልክት ነው። ፊደሉ ሳይነካ ምልክቱ ቢለወጥ ዜማው ይለወጣል። ይህ ልጅ የሚለው፣ ሰውም እንዲያው ነው። ፊደሉን እግዜር ጻፈው፤ ከላይ ግን ረሃቡ ምልክት አደረገበት። አይደለም ወይ?»

አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት ለእኔ የገባኝ ያን ዕለት ነው። «እንዴታ!» አልኩ፣ እኔ ያስተማርኳቸው ይመስል።

የሰዉ ፊት ፈታ አለ። ዕድሌን ሳላባክን የፈቃድ ወረቀቱን ለመሪጌታ ሰጠኋቸውና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። አንደኛው መስመር አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛው አለፈ። አራተኛው «ተሳታፊው ጥቂት ምራቁን በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይሰጣል» ይላል፤ ምልክቱ የሚታየው ከምራቁ ነውና። አክስቴ ብድግ አለች።

«ምራቄን? በብልቃጥ አሽጌ? ለማላውቀው ሰው?» አለች። «ምራቅ የሚሰጠው ለምርቃት ነው። ከዚያ ወዲያ የሰው ምራቅ የሚፈልግ ጠንቋይ ነው!»

ሴቶቹ ሁሉ «እውነቷን ነው!» አሉ። መሪጌታ ቀና ብለው አዩኝና አራተኛውን መስመር በአንድ ጭረት ሰረዙት። ጥናቱ በሙሉ የቆመው በዚያች መስመር ላይ ነበር። ያለ ምራቅ የተሰጠኝ ፈቃድ ለምንም የማይሆን ፈቃድ ነው። እኔ ግን አሻራው ይገኝ እንጂ የቀረውን በኋላ አያቅተኝም አልኩ በልቤ።

«አሻራ እንሰጥሃለን» አሉ አያ ሙሉነህ። «መጀመሪያ ግን አንተ ትሰጠናለህ።»

ከራሴ ጥቁር መዝገብ አንድ ገጽ ተቀደደ። መሪጌታ ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው በስመ አብ ብለው ጀመሩ። እኔ የእገሊት ልጅ ከዚህ መሬት ስንዝር ታህል አልጠይቅም፤ የሚጠይቅም አላስከትልም፤ የቤታቸውን ምስጢር በስማቸው ለሌላ አላወጣም፤ ያሉትን አሉ እላለሁ፣ ያላሉትን አሉ አልልም። ይህ ሁሉ መልካም ነው። መጨረሻው ላይ ግን፣ የአገራችን ውል ያለዚህ አይዘጋምና፣ «ይህን ቃል ያፈረሰ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተወገዘ ይሁን፤ ዕድል ፈንታውም ከአርዮስ ጋር ይሁን» ብለው ግዝቱን አሰሩት። ልፈርም ብዕር ሳወጣ አክስቴ «ፊርማማ ነገ ይካዳል፤ በአሻራው ያድርግ» አለች። ሁለት ዲግሪዬን ይዤ አውራ ጣቴን ቀለም ተቀባሁ። ዋስ ጥራ ሲባል ከነዚያ ሁሉ አዳዲስ ዘመዶቼ አንድም የተነሣ የለም። ዋሴ መሪጌታ ሆኑ።

ከዚያ ሠላሳ አንድ ሰው፣ መጀመሪያ ለእኔ ቃል ምስክር፣ ቀጥሎ ለፈቃዱ፣ ሁለቱም ወረቀት ላይ አሻራውን አኖረ። አክስቴ በእኔ ውል ላይ አውራ ጣቷን ስትጫን ቀለሙ ወደ ጀርባ አልፎ ታየ። የፈቃዱን ወረቀት ግን ነካ አድርጋ ተወችው።

ሰኞ ማርቆስ ስገባ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ መብራት የለም። ኢንተርኔት ቤት ያላት ሰብለ በሯ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። «ይመጣል» አለችኝ። አብሬያት ተቀምጬ ቆሎ ስበላ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከተማው በአንድ አፍ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ተሯሯጥን። ከመዝገቡ ውስጥ አሻራ ያለበትን ወረቀት መዝዤ ሰጠኋት፣ ስካን አደረገችው፣ ከሌላው ጋር አያያዝኩት፣ ላክሁት። «ሄደ» ሲል መብራቱም አብሮት ሄደ። «በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው ጀግና የሚለይ» አልኳት።

ጀግናው ቤቱ ገብቶ መዝገቡን ሲከፍት የፈቃዱ ወረቀት ከነስርዙ በቦታው ተኝቷል። ዩኒቨርሲቲው ዘንድ የደረሰው እኔ የተገዘትኩበት ወረቀት ነው። መብራቱ የተመለሰው ረቡዕ ነበር።

አንድ ወር ሙሉ መምህራኑ «እንዴት ሆነ?» ሲሉኝ «ጨርሰነዋል» እያልኩ ከረምኩ። ውሸት አልነበረም። ያለቀለት መስሎኝ ነበር። ጎረቤቴ እንኳ ሌላኛው ጉልበቷ ሲያማት ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ መከርኳት።

ከዚያ በስካይፕ ልናነጋግርህ እንፈልጋለን የሚል ደብዳቤ መጣ። ሰብለ ሌሎቹን ደንበኞች አስወጥታ በሩን ዘጋችልኝ። በስክሪኑ ላይ ሦስት ሰዎች ታዩኝ፤ የምትጠይቀኝ መሃል ላይ ያለችው ፀጉሯ የነጣ ፕሮፌሰር ናት። በእጇ ያን የእኔን ወረቀት ይዛለች። እዚያ የምትማር ያገራችን ልጅ እስከ ግዝቱ ድረስ አንድ ቃል ሳታስቀር ተርጉማላቸዋለች።

«ጴጥሮስና ጳውሎስ የሚባሉት» አለችኝ፣ «የኮሌጃችሁ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አባላት ናቸው?»

«ከዚያም በላይ ናቸው» አልኩ።

«የሥራ ዘመናቸው ስንት ነው?»

«አይወርዱም፤ ቋሚ ናቸው።»

«አርዮስስ?»

«እሱ የተባረረ ነው።»

ጻፈች። ልቤ መለስ አለ፤ እንዲህ ከሆነ ጥያቄው ቀላል ነው። ኤፒጄኔቲክስን በራስህ አባባል ግለጽ ስትለኝ ፊደሉንና ምልክቱን ነገርኳት። ሦስቱም ብዕራቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። የራሴ አድርጌ ላልፈው ነበር፤ ያሉትን አሉ እላለሁ የሚለው ቃል ትዝ አለኝና «ይህን ያሉት መሪጌታ ለይኩን የሚባሉ ዋሴ ናቸው» አልኩ።

ያን ጊዜ ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አወለቀች። «ሌሎቹ አመልካቾች ሰዎቹ ለእነሱ የገቡትን ቃል ላኩልን» አለች። «ራሱ ለሰዎቹ የገባውን ቃል የላከልን አንተ ብቻ ነህ። አስበህበት ነው?»

«እንዴታ!» ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። አርዮስ አለ ብዬ ዋጥኳት። «ተሳስቼ ነው» አልኩ። «መላክ የነበረብኝ ይኸኛውን ነው።» የፈቃዱን ወረቀት አንሥቼ አሳየኋት።

«የተሰረዘው መስመር ምንድን ነው?»

«የምራቁ ነው።»

ሦስቱ ተያዩ። «ያለ ምራቅ ጥናቱ እንደሌለ ታውቃለህ። ይሰጡሃል?»

እጄ ኪሴ ውስጥ ቆሎውን ጨብጧል። «አዎ» ብል ቦታዋ የእኔ ናት፤ ይህን ከፊታቸው አነበብኩ። ቁይ ድረስ መጥቶ የሚያጣራ ሰው የለም። ግን አክስቴ ያላለችውን አለች ልል ነው። ያቺ ጣቷ ወረቀቱን እስክትበሳ ድረስ የተጫነችው ለዚህ ነበር።

«አላውቅም» አልኩ። «እስካሁን እምቢ ብለዋል።»

ኔትወርኩ ተቋረጠ። ፕሮፌሰሯ አፏን ከፍታ ስክሪኑ ላይ ቀረች፤ ትሳቅ ትደንግጥ መለየት አይቻልም።

«ምን አልካቸው?» አለችኝ ሰብለ።

«አላውቅም አልኳቸው።»

«አንተ?» አለች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ደብዳቤና አንድ ትንሽ ካርቶን መጣልኝ። ደብዳቤው ቦታው ያንተ ነው ይላል፤ ሰዎቹ እስከ ጳጉሜን በፈቃዳቸው ምራቃቸውን ከሰጡ፤ ካልሰጡ ግን ለሌላ ይተላለፋል። ካርቶኑ ውስጥ ሠላሳ አንድ ብልቃጥ ተደርድሯል።

በነሐሴ ጭቃ ሦስት ጊዜ ወድቄ እናቴ አገር ደረስኩ። ብልቃጦቹን ቦርሳዬ ሥር ቀብሬያቸዋለሁ፤ መዝገቡን ጭራሽ አላመጣሁትም። አክስቴ የጤፍ ማሳዋ ዳር ቆማ አገኘኋት። ከሩቅ አይታኝ አልተንቀሳቀሰችም።

«ክረምቱን ሙሉ ስጠብቅ ነበር» አለችኝ።

«እኔን?»

«ከሳሹን። አረስሁ፣ ዘራሁ፣ አረምሁ። ማንም አልመጣብኝ።»

«ቃሌ ነዋ እታለም።»

ቁጭ ብለን ሁሉንም ነገርኳት፤ ወረቀቱ መሳሳቱን፣ ሴትዮዋ የጠየቀችኝን፣ አንዲት የውሸት ቃል የምታስገኝልኝን።

«እና ምን አልካቸው?»

«እስካሁን እምቢ ብለዋል አልኳቸው።»

«እንዲያው ልክ እንዳልሁት?»

«ልክ እንዳልሽው።»

ማሳዋን አየች። ከዚያ «ተንበርከክ» አለችኝ። ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ፤ ራሴን በሁለት እጇ ይዛ «ሂድ፤ በሰላም ግባ፤ እትፍ! ክፉ ዓይን አይይህ፤ እትፍ! አውቀህ ተመለስልኝ የመንታዬ ልጅ፤ እትፍ!» አለችኝ። ግንባሬ፣ ጉንጬ፣ ቅንድቤ ሁሉ ራሰ። «የመንታዬ ልጅ» ስትል ከብልቃጡም ከዶክትሬቱም ይልቅ ያቺ ደስ አለችኝ። ስለ ምራቁ ለመጠየቅ አፌ አልተከፈተም።

እሷ ናት የጠየቀችው። «ያ ብልቃጥ የታለ?»

ከቦርሳዬ ሥር አንዱን አወጣሁ። ፀሐይ ላይ አንሥታ መረመረችው። «ሴትዮዋ ልጆች አሏት?»

«አላውቅም» አልኩ። ሁለተኛዋ ትቀላለች።

«ቢኖሯትም ባይኖሯትም ትመረቅ። ልጄን ልትቀበልልኝ ነው» አለችና በብልቃጡ አፍ «እትፍ! ዕድሜ ይስጣት። እትፍ! እህሏን ከበረዶ ይሰውርላት» እያለች፣ ምራቁ የተሰመረበት ቦታ እስኪደርስ የፕሮፌሰሯን ቤት ዘር ማንዘር ሳይቀር መረቀች። እሑድ ሰንበቴው ላይ አያ ሙሉነህ ሁለተኛውን ያዙ፤ የቀሩት በዕድሜ ቅደም ተከተል ተሰለፉ። በዚያ በአውሮፓው ላብራቶሪ ውስጥ ማንም ያልተጠነቆለበት፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ የተመረቀ ካርቶን አለ።

ስሸኝ አክስቴ መቀነቷን ፈትታ ሽምብራዋን ኪሴ ውስጥ ገለበጠችው፤ የነበረኝ ቆሎ ላይ ተደረበ። ብልቃጦቹን ሁሉ አስረክቤያለሁ። ያን ዕለት ማሳው ዳር ፊቴ ላይ ያረፈውን ግን ለማንም አልሰጠሁም፤ ሳልጠርገው በራሱ ደረቀ።